የተራራው ዳር ምድጃ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ



ኮሚቴው «ስለ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ትንሽ ንገሪን፤ እዚህ የተወለዱት ልጆችም ይስሙ» ብሎ ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ጉዳይ ስላለ፣ ንግግሬ ወደዚያ ማዘንበሉ አይቀርም። የደበቅሁት ነገር እንዳይመስላችሁ ብዬ ከወዲሁ መናገሬ ነው።

ለአዲሶቹ አባላት ጉዳዩን ላስታውስ። ዘንድሮ የተሰበሰበው መዋጮ ምን ላይ ይዋል በሚለው ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው በደባርቅ ከተማ መግቢያ ላይ ትልቅ የዋልያ ሐውልት እናቁም የሚል ነው። ሁለተኛው ፓርኩ ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦችን የማገዶ ችግር እናቃልል የሚል ነው። ሁለተኛውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሐውልቱን ያቀረቡት ወንድሞቻችን ደግሞ አገራቸውን ከእኔ ባላነሰ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ የምንከራከረው ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ቅደም ተከተል ነው።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቼን ይዤ ወደ ጓዳሉፔ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄድኩ። ከዚህ ስምንት ሰዓት ያህል ያስነዳል። የምንኖርበት አገር ሜዳ ነው፤ ዳላስ ከባሕር ወለል ያላት ከፍታ 130 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው የአውራ ጎዳና ድልድይ ላይ ሲወጣ «ዳገት ወጣን» የሚሉ ልጆች ነው የምናሳድገው። እናም የጓዳሉፔን ጫፍ፣ ደርሶ መልሱ ከ8 ማይል የሚበልጠውን መንገድ፣ በእግር ወጣነው። ከፍታው 2,667 ሜትር ነው፤ በቴክሳስ ከዚያ የሚበልጥ ተራራ የለም።

ትንሹ ልጄ እያለከለከ ጫፉ ላይ ደረሰና «እማዬ፣ ያንቺ አገር ተራራ ከዚህ ይበልጣል?» አለኝ። «ተራራው ይቅርና ደባርቅ ገበያ፣ ሰው ሽንኩርት የሚገዛበት ቦታ፣ ከዚህ ይበልጣል» አልኩት። አላመነኝም። ወርደን መኪና ውስጥ ገብተን ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ፈለገው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ነች። ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ «ታዲያ እዚያ ሰው ይኖራል?»

ቀን ሙሉ ስንወጣና ስንወርድ አንድ ጎጆ፣ አንድ የጢስ መውጫ አላየንም ነበር። ልጁ ተራራ ያለው ፓርክ ሲባል ሰው የሌለበት መስሎታል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚያ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው።

አዎ፣ ይኖራል። እኔ ያደግሁት ከፓርኩ ወሰን አጠገብ ባለች መንደር ነው።

አገሩን ላላያችሁት በአጭሩ ላሳያችሁ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርድሮ ከፍ ያለ ምድር ሠራ። ከዚያ ወዲህ ዝናብና ወንዝ ሲቦረቡሩት ኖሩ። ዛሬ ከደባርቅ ተነስታችሁ በሳንካበር፣ በግጭና በጨነቅ በኩል ስትሄዱ፣ መሬቱ በአንድ በኩል የጓሳ ሜዳ ነው፤ በሌላ በኩል ድንገት ያልቃል። ገደሉ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል። እሜት ጎጎ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው አሞራ የሚያየው ከጀርባው ነው፤ እኛ ከላይ፣ ንሥሩ ከታች። ከዚያ ተራራ የሚነሳው ውኃ ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ቆላው ገበሬ የሚጠጣው ከደጋው የተረፈውን ነው።

በገደሉ ጫፍ ጭላዳው በመቶ እየሆነ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ሲመሽ አንድ ባንድ ወደ ገደሉ ወርዶ እዚያው ጠርዝ ላይ ያድራል። ቀይ ቀበሮ አለ። ጅብራ አለ፤ ዓመታት ቆይቶ ሰው የሚያህለውን አበባውን አንድ ጊዜ ያወጣና ይሞታል። ጃናሞራ ውስጥ አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደረስጌ ማርያም አለች። ዋልያም አለ። የወንዱ ቀንድ ወደ ኋላ ታጥፎ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ስሙ ቢራ ላይ አለ፤ ብሔራዊ ቡድናችን የሚጠራው በስሙ ነው። በዓለም ላይ ያለው ግን እኛ ተራሮች ላይ ብቻ ነው።

እኔ ዋልያን መጀመሪያ ያየሁት ፍየል ጠፍቶብኝ ስፈልግ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጉም ነበርና ፍየሏን በጩኸቷ ተከትዬ ገደል አፋፍ ደረስኩ። ጉሙ ገለል ሲል ከበታቼ፣ እግር የማያስቆም በሚመስል ጠርዝ ላይ፣ አንድ ትልቅ ወንድ ቆሞ ወደ ላይ ያየኛል። እኔም አየሁት። ማንኛችንም አልሸሸንም። ፍየሏን አግኝቼ ስመለስ ለእናቴ ነገርኳት። «ፍየሏን እዚያ ደግመሽ እንዳትወስጃት፤ የእሱን ግጦሽ በልታ እሱ ምን ሊበላ ነው?» አለችኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ዩኔስኮ የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም። ነገሩን ግን ታውቀው ነበር።

አሁን ደግሞ ጥፋቴን ልናገር። የእናቴን ምክር በፍየሉ በኩል ሰማሁ፤ በእንጨቱ በኩል አልሰማሁም። ቤታችን የሚነደው አስታ ነበር። አስታ ከብርዱ ጋር እየታገለ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ ጉሙን ይይዛል፣ አፈሩን ይይዛል። እኔና ጓደኞቼ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥተን እርጥቡን እንቆርጥ ነበር። ከቤት የተረፈውን ተሸክመን ለገበያ እናወርዳለን። አንድ ቀን አንድ ጠባቂ አገኘንና አልመታንም፣ አልሰደበንም፤ «ልጆቼ፣ ደረቁን ልቀሙ፣ እርጥቡን ተዉት» አለን። ደረቁ ግን ካለቀ ቆይቶ ነበር። የትምህርት ቤት ደብተሬ የተገዛው በዚያ እንጨት ነው። እዚህ ድረስ ያመጣኝ ትምህርት በከፊል የፓርኩ አስታ ነው። ይህን ዕዳ ነው ዛሬ ይዤባችሁ የመጣሁት።

ስለ ፓርኩ ታሪክ ጥቂት ልበል። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ በ1969 በሕግ ታወጀ። በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር የእኛ ተራሮች አብረው ገቡ። በ1996 ግን «በአደጋ ላይ ያለ ቅርስ» ተባለ። ዋልያው አንሷል፣ እርሻው ገፍቷል፣ ከብቱ በዝቷል፣ መንገድ በመሐሉ አልፏል ተብሎ ነው። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክም ሰፍቶ 412 ደርሷል። ይህም ሆኖ የዳላስን ከተማ ግማሽ እንኳ አያህልም። አንድ ፍጥረት በዓለም ላይ ያለው ርስት በሙሉ በዚህ መጠን ነው።

ከ2017 አንድ ዓመት በፊት ምን እንደሆነ ደግሞ አብራችሁ አስቡ። በ2016 የግጭ መንደር ተነሣ። ከ400 በላይ አባወራ ከአያት ቅድመ አያት የገብስ ማሳው ወርዶ ደባርቅ ከተማ ገባ። ካሳና ቦታ ተሰጥቷል። ነገር ግን በገብስና በበግ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ ሁሉን በገንዘብ ሲገዛ ኑሮው ምን እንደሚሆን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም ከለመድነው ተነቅለን ሌላ ቦታ የተተከልን ነን። እኛ እዚህ ዳላስ ሆነን «ፓርካችን ከአደጋ መዝገብ ወጣ» ብለን ስንደሰት ሂሳቡን የከፈሉት እነሱ ናቸው።

በ2019 የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። ግጭ አካባቢ እሳት ተነሣ። ታላቅ እህቴ ደውላ «አስታው እየጮኸ ይነዳል» አለችኝ። ሰው በቅጠልና በአፈር እሳቱን ሲደበድብ ከረመ። በኋላ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ። እነሱ እስኪደርሱ ገደሉ ላይ የዋለውና ያደረው ግን የአካባቢው ሕዝብ ነው። ከዚያም በ2020 ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላም ሰላም በቅጡ አልተመለሰም። ቱሪስት ቀረ። አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ባለ በቅሎው ሁሉ በተራ እየወጣ የሚያገኛት ገንዘብ ነበረች፤ እሷ ስትቀር ሰው ወደ እርሻው፣ ወደ ከብቱና ወደ እንጨቱ ተመለሰ። የዋልያው ቁጥርም እንደገና ማሽቆልቆሉን ሰምተናል።

እዚህ ላይ «ለምን ይቆርጣሉ? ሕግ የለም ወይ?» የሚል ካለ፣ አንድ ነገር ላስታውሰው።

እ.ኤ.አ. የካቲት 2021ን ማን ይረሳል? እዚሁ ዳላስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የደረሰበት ሳምንት። መብራት ጠፋ፣ ቧንቧ ፈነዳ። እኛ ቤት የእሳት ቦታ ነበር፤ እንጨት ግን አልነበረንም። ባለቤቴ መጀመሪያ የድሮ አልጋ ፈለጠ። በሁለተኛው ሌሊት የጓሮውን አጥር ነቀለ። አጥሩ የእኛና የጎረቤታችን የጋራ ነው፤ ነግረነውም አልነበረም። በማግስቱ ይቅርታ ልንጠይቅ ብንወጣ፣ እሱም በበኩሉ ከወዲያ ጫፍ እየነቀለ አገኘነው። ተያይተን ሳቅን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ ስንቶቻችሁ እንዲህ እንዳደረጋችሁ አውቃለሁ፤ እጅ አውጡ አልልም። በቴክሳስ፣ መኪና ደጁ ላይ ቆሞ፣ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ልጁ ሲበርደው በሦስት ሌሊት የጎረቤቱን አጥር ካነደደ፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚበርዳት እናት አስታ ስትቆርጥ ምን ብለን ነው የምንፈርድባት?

ሐሳቤን ሳቀርብ መጀመሪያ የጻፍኩት «ለእያንዳንዱ ቤት ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ እንግዛ» ብዬ ነበር። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። ኮሚቴው ፊት ከመቅረቤ በፊት እህቴን ጠየቅኋት። እሷ አሁንም እዚያው መንደር ናት። ሳቀች። «ምድጃውስ ደግ ነው፤ እንጀራውን በግማሽ እንጨት ይጋግራል። ሌሊቱን ግን ማን ያሞቀናል?» አለችኝ።

እኔ ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖሬ ረስቼው ነበር። እኛ አገር ምድጃ ማብሰያ ብቻ አይደለም። ማታ ቤተሰቡ ዙሪያውን ይተኛል፤ ጥጃና ግልገል ሳይቀር ከዚያው ይጠጋል፤ ጢሱ የጣራውን ሣር ከነቀዝ ይጠብቃል። የተዘጋ ምድጃ እንጨት የሚቆጥበው ሙቀቱን ወደ ምጣዱ ብቻ ስለሚልክ ነው። ለዚህ ነው አንዳንድ ቦታ የተሰጠ ምድጃ ጥግ ተጥሎ የሚገኘው። የተቀበለችው ሴት ሰነፍ ሆና አይደለም፤ በርዷት ነው።

ስለዚህ ሐሳቤን አሻሽዬ ያቀረብኩት እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ምድጃው ይሁን፤ ግን ለእንጀራ መጋገሪያ ብቻ። የሚሠሩትም እዚያው ያሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይሁኑ፤ ሲሰነጠቅ የሚጠግን ሰው በቅርብ እንዲገኝ። ሁለተኛ፣ ለሌሊቱ ብርድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በተለይ ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤት። ሦስተኛና ዋናው፣ በየማሳው ዳር የሚተከል የማገዶ ችግኝ። የትኛው ዛፍ ብርዱን ይችላል፣ የትኛው ውኃውን አይጨርስም የሚለውን እኛ ከዚህ ሆነን አንወስንም፤ ገበሬዎቹና የግብርና ባለሙያዎቹ ይምረጡ። ችግኝ ለማገዶ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። ምድጃውና ብርድ ልብሱ እስከዚያ የሚያሻግሩ ናቸው።

በአርባ ቤት እንጀምር። ዓመት ሞልቶ ሴቶቹ ራሳቸው «ይበጃል» ካሉ እንቀጥላለን፤ «አይበጅም» ካሉ እዚህ መጥቼ ተሳስቻለሁ ብዬ እነግራችኋለሁ።

«መንገዱ ሰላም አይደለም፤ ገንዘቡ ይደርሳል ወይ?» ያላችሁኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ስለዚህ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ አይላክ፤ በሁለት ዙር ይሁን፤ የመጀመሪያው ሥራ ታይቶ ሁለተኛው ይለቀቅ። መንገዱ ከተዘጋ ገንዘቡ እዚሁ ሒሳባችን ውስጥ ይቆያል።

ወደ ሐውልቱ ልመለስና ልጨርስ። ከጓዳሉፔ ተመልሼ ስለ ቴክሳስ ተራሮች ሳነብ አንድ ታሪክ አገኘሁ። እነዚያ የምዕራብ ቴክሳስ ተራሮች ትልቅ ቀንድ ያለው የበረሃ የዱር በግ ነበራቸው። የዋልያችን የሩቅ ዘመድ በሉት። አደን፣ ከቤት በግና ፍየል የሚተላለፍ በሽታና የአጥር ሽቦ ተባብረውበት በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአገሬው መንጋ አለቀ። የቴክሳስ ሰዎች ግን ዕድለኞች ነበሩ። ከአሪዞናና ከሌሎች ግዛቶች እያመጡ እንደገና አራቡት። ዛሬ በተራሮቹ ላይ አለ።

የእኛ ዋልያ ግን አሪዞና የለውም። እኛ ጋ ካለቀ፣ ከየትም አምጥተን የምንተካው መንጋ የለም። ያን ጊዜ ሐውልቱ ብቻ ይቀራል፤ ልጆቻችንም ከሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። እኛ አገር ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ነው። ወንድሞቼ፣ ሐውልቱን አልቃወምም፤ ሰላም ወርዶ፣ ቱሪስቱ ተመልሶ፣ ደባርቅ ደስ ብሏት የምታቆምበት ቀን ይምጣ፣ እኔም አዋጣለሁ። ዘንድሮ ግን ዋልያው በሕይወት አለ፤ ከእሱ ጋር አንድ ገደል የሚጋሩት ሰዎችም በሕይወት አሉ፤ በርዷቸዋል።

ለልጄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ እዚያ ሰው ይኖራል። ተራራውን ካለ ሰዎቹ መጠበቅ አይቻልም። ሰዎቹ ሌሊቱን የሚሞቁበት ሌላ ነገር ካገኙ፣ አስታው ይቆማል፤ አስታው ከቆመ ጉሙና ውኃው ይቆያል፤ ዋልያውም ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሌላ ልጅ ያገኛል።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ስትሰጡ የየካቲቱን ሌሊትና ያነደዳችሁትን አጥር አስታውሱ። ሌላ አልጨምርም።

 ቸር ይግጠመን፤ ለአገራችን ሰላም ያውርድልን።